በጥልቀት የማይሰምጡ ክራንክቤይቶች ለባስ፦ ወቅት ሲለወጥ ምን መለወጥ አለበት?

ጥያቄ፦ የበርክ ሐይቅ ወዳጅ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን፣ ከሥራ ሲመቸኝ በበርክ ሐይቅ ዳርቻ፣ ጀልባ ያለው ወዳጄ ሲጋብዘኝ ደግሞ በሜሪላንድ በኩል ወደ ፖቶማክ በሚገባው በማታዎማን ክሪክ ላርጅማውዝ ባስ የተባለውን ዓሣ አጠምዳለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ማጥመጃ አጭርና አራት ማዕዘን ምላስ ያለው፣ ከሦስት እስከ አምስት ጫማ ብቻ የሚሰምጠው፣ ስኩዌርቢል የሚባለው ክራንክቤይት፣ ማለትም ትንሽ ዓሣ የሚመስል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ነው።

በኤፕሪል ወር ይህ ማጥመጃ በወደቁ ዛፎች ዙሪያ እጅግ ጥሩ ውጤት ይሰጠኛል። ጁላይ ሲደርስ ግን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት ስጎትተው ሣር ከመሰብሰብ በቀር የሚያመጣልኝ ነገር የለም። በኦክቶበር ደግሞ በማታዎማን አንዱን ቀን ዓሣው በላይ በላዩ ይይዛል፣ በማግሥቱ በዚያው ስፍራና በዚያው ሰዓት ብመለስ አንድም አይነካም። በየሱቁ ለየወቅቱ ይሆናል ተብሎ የተደረደረው የቀለምና የቅርጽ ብዛት ደግሞ ግራ ያጋባል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ወቅት ሲለወጥ መለወጥ ያለበት ማጥመጃው ነው ወይስ የሚወረወርበት ቦታና አጎታተቱ? ብርዱ ሲገባስ ይህን ዓይነቱን ማጥመጃ እስከ ማርች ማስቀመጥ ይገባል? በተጨማሪም አንዳንዱ ክራንክቤይት ከሣጥኑ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ሲመጣ፣ ሌላው ወደ አንድ ጎን እየተጣመመ ከውሃው ብቅ ይላል። ይህ በእጅ የሚስተካከል ነገር ነው? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ባለ ጀልባው

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ መልካም ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። እንደ እኔ እምነት በመጀመሪያ የሚለወጠው ቦታው ነው፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ፣ ማጥመጃው የሚመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጥልቀት የማይሰምጥ ክራንክቤይት በባዶ ውሃ መካከል ሲዋኝ ከሌሎቹ ማጥመጃዎች የሚበልጥበት ነገር እምብዛም የለውም። የሚበልጠው አንድ ነገር ሲነካ ነው። ያ አራት ማዕዘን ምላስ ከመንጠቆዎቹ ቀድሞ ግንዱን ወይም ድንጋዩን ይመታል፣ ሰውነቱ ወደ ጎን ይገለበጣል፣ መንጠቆዎቹ ከጀርባው እንደተከለሉ ያልፋሉ፣ ከዚያም ማጥመጃው ባልታሰበ አቅጣጫ ይፈተለካል። ባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሲከተል የቆየው ዓሣ የሚያመልጥ መስሎት ይወረወርበታል። እንግዲህ በየወቅቱ ራስዎን የሚጠይቁት፣ «የእኔ ማጥመጃ በሚደርስበት ጥልቀት ውስጥ የሚነካ ነገር ያለበትና ዓሣም የተጠጋበት ቦታ ዛሬ የት ነው?» ብለው ነው። መልሱን የሚነግርዎ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የውሃው ሙቀት ነው።

የውሃው ሙቀት 50 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ደርሶ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ በእኛ አካባቢ ባብዛኛው በማርች፣ ባስ ክረምቱን ካሳለፈበት ጥልቅ ውሃ እየተነሣ እንቁላል ወደሚጥልባቸው ጥጎች ያመራል። በአንድ ጊዜ ግን አይገባም፤ በመንገዱ ላይ በሚያገኛቸው ጉቶዎች፣ የድንጋይ ክምሮችና የወደቁ ዛፎች እየቆመ ነው የሚሄደው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃው 60 ዲግሪ እስኪያልፍ ያለው ጊዜ የስኩዌርቢል ዋናው ወቅት ነው። በሐይቅ ላይ ከሆኑ በመጀመሪያ በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ በኩል ያሉትን ገባ ገባ ያሉ ጥጎች ይመልከቱ። ከሰሜን ከሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ የተከለሉና የደቡቡን ፀሐይ ፊት ለፊት የሚቀበሉ ስለሆኑ ቀድመው ይሞቃሉ። በድልድይና በመንገድ ዳር የተደረደረ ድንጋይም ከሰዓት በኋላ ሙቀት ስለሚይዝ ክሬይፊሽ የተባለው ሸርጣን መሰል ፍጥረት ከጉድጓዱ መውጣት የሚጀምረው እዚያ ነው። በፀደይ ቀይና ቡናማ ማጥመጃ የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ የወደቀ ዛፍ ሲያገኙ አወራወሩ ይህን ይመስላል። ዛፉን ከጎን አቋርጠው ከመወርወር ይልቅ ከግንዱ ጋር ትይዩ ሆነው፣ ከሚፈልጉት ቅርንጫፍ አሳልፈው ይወርውሩ፤ ማጥመጃው ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ ሙሉ ጥልቀቱን ይዞ መሆን አለበትና። ሲጠቀልሉ የማጥመጃው ትርታ በዘንጉ እጀታ ላይ ያለማቋረጥ ይሰማዎታል። ቅርንጫፉን ሲመታ ትርታው ወደ ከባድ ግፊት ይለወጣል። በዚያን ጊዜ መጠቅለሉን ያቁሙና ክሩን በትንሹ ያላሉ። ማጥመጃው ተንሳፋፊ ስለሆነ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ከቅርንጫፉ በላይ ሆኗል ብለው ሲገምቱ አንድ ሁለት ዙር ብቻ ይጠቅልሉ። በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፦ አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይመታ ትርታው ድንገት ይጠፋል፣ ክሩም የላላ ይመስላል። ያ ዓሣ ነው። ከኋላ መጥቶ ማጥመጃውን በአፉ ይዞ ወደ እርስዎ እየዋኘ ነው ማለት ነው። ቶሎ እየጠቀለሉ ዘንጉን ወደ ጎን በሰፊው ይሳቡ፤ ወደ ላይ በኃይል መንጨቅ ግን ባለ ሦስት ጣት ትንንሽ መንጠቆዎችን ከአፉ ያስወጣል። በዚሁ ምክንያት ዘንጉም ግትር ባይሆን ይመረጣል። ሰባት ጫማ ያህል የሆነ፣ ፋይበርግላስ ወይም ፋይበርግላስ የተቀላቀለበት፣ እስከ ወገቡ የሚታጠፍ ዘንግ፣ በእንጨት መካከል ለማጥመድ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል የፍሎሮካርቦን ክር በቂ ነው። ክሩ በቀጠነ መጠን ማጥመጃው ይበልጥ እንደሚሰምጥም አይርሱ።

ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን ባስ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ ወንዱም ጎጆውን ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ጎጆ ላይ ያለውን ዓሣ ባንነካው እመርጣለሁ፤ አጠገባቸው ገና ያልገቡና ጨርሰው የወጡ አሉና። በሜሪላንድ የባሕር ሙላት በሚደርስባቸው ውሃዎችና በፖቶማክ ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ከ15 ኢንች በታች የሆነን ባስ መያዝ እንደማይፈቀድ በደንቡ ተቀምጧል፤ ደንብ ሊሻሻል ስለሚችል ግን በየዓመቱ ከመውጣትዎ በፊት ይመልከቱት። ዐቢይ ጾም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወቅት ጋር ስለሚገጥም ብዙዎቻችን አጥምደን እንለቃለን፤ ለዓሣውም የሚበጀው ይኸው ይመስለኛል።

መልስ፦ ዘፖሂክ

ወንድማችን ባለ ጀልባው በሚገባ ስላብራሩት የምጨምረው ስለ ኦክቶበሩ ጉዳይ ብቻ ነው። ማታዎማን ሐይቅ አይደለም። ከባሕር የሚመጣው የውሃ ሙላትና ጉድለት በፖቶማክ ላይ ከዋሽንግተን ጥቂት ከፍ ብሎ እስካለው እስከ ሊትል ፏልስ ድረስ ይዘልቃል። ዋሽንግተን አጠገብ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሦስት ጫማ ይጠጋል፤ ወደ ታች ባሉት ክሪኮች ቢያንስም አራት ጫማ ለሚሰምጥ ማጥመጃ ትልቅ ለውጥ ነው። በሙላት ጊዜ ከጉቶው በላይ ሳይነካው የሚያልፈው ክራንክቤይት በጉድለት ጊዜ ጭቃ እያረሰ ይመጣል።

ዓሣውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ውሃው ሲሞላ በሣሩና በሰፋፊ ቅጠሎቹ መካከል ይበተናል፤ ሲጎድል ወደ ጠርዙ ይወጣና ትናንሾቹ የውሃ ቦዮች ወደ ክሪኩ በሚፈሱበት አፍ ላይ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ለክራንክቤይት የሚመቸው ይህ የጉድለቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሙላቱና ጉድለቱ ደግሞ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሲመለሱ ያገኙት ውሃ የትናንቱ አይደለም፤ ትናንት የመጨረሻውን ጥሩ ሰዓት አግኝተው ከነበረ ዛሬ ቀድመው ደርሰዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ በመኸር ወራት ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ውሃውን ከወንዙ ወደ ታች ስለሚገፋ ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ሊጎድል ይችላል። ጠዋት ሲነሡ ከሰዓትዎ በፊት የሙላቱን ሰንጠረዥ ይመልከቱ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኦክቶበሩ ነገር አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። ሰመሩን፣ ማለትም የጁላዩን የሙቀት ጊዜ፣ በተመለከተ ግን ገና መልስ አላገኘሁም። ጋሼ ባለ ጀልባው ቀለምን በሦስተኛ ደረጃ ካስቀመጡ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ብቻ ብይዝ ይበቃኛል ማለት ነው?

መልስ፦ እኅተ ማርያም

ወንድሜ፣ ሁለት ሦስት ቀለም ይበቃዎታል፤ ነገር ግን የሚመርጡት በወቅቱ ብቻ ሳይሆን በውሃው ጥራት መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ጥቂት እለያለሁ። ዝናብ ዘንቦ ውሃው ሲደፈርስ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ጎኑ ብሩህ ቢጫ አረንጓዴ የሆነ ማጥመጃ ዓሣው ከቅርብም ቢሆን የሚያየው ነገር ይሰጠዋል። በጠራ ውሃ ግን እንደ ሻድ ዓሣ ነጣ ብሎ ጀርባው ግራጫ የሆነው ይሻላል። በፀደይ ክሬይፊሽ የሚመስለውን ሦስተኛ አድርገው ቢጨምሩ ለአካባቢያችን ውሃ ሌላ አያስፈልግዎትም።

አሁን ወደ ሰመሩ። ሣር ከመሰብሰብ በቀር ያሉት ትክክል ነው፤ ምክንያቱም በኤፕሪል የነበረው ቦታ በጁላይ የለም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፖቶማክ የተስፋፋው ሀይድሪላ የተባለ የውሃ ሣር በፀደይ ከወለሉ ጥቂት ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። በዚያን ጊዜ ክራንክቤይቱ የሣሩን ጫፍ ጫፉን እየነካካ ሲያልፍ፣ ሲይዘውም በዘንጉ ጫፍ ነጠቅ አድርገው ሲያስለቅቁት፣ በእንጨት ላይ የሚያገኙትን ያንኑ ድንገተኛ ፍትለካ ያገኛሉ። በሰመር አጋማሽ ግን ሣሩ እስከ ውሃው ገጽ ደርሶ እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል። በዚያ ምንጣፍ ውስጥ ሁለት ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ ያለውን ነገር መጎተት ድካም ብቻ ነው፤ ለዚያ የሚሆኑ ሌሎች ማጥመጃዎች አሉ።

ይህ ማለት ግን ክራንክቤይቱን እስከ ሴፕቴምበር እናስቀምጠው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሲል ስለምሰማ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሣሩ ገና ገጹን ባልነካበት ቦታ እንደ ማንስ ቤቢ ዋን ማይነስ ያለ፣ አንድ ጫማ እንኳ የማይሰምጥ ማጥመጃ ከሣሩ በላይ ባለችው ስስ ውሃ ላይ ጎሕ ሲቀድ ይሠራል። ከዚያ ሌላ ሣር የማይበቅልበትን፣ ጥላና ወራጅ ውሃ ያለበትን ጠንካራ ነገር ይፈልጉ፤ የድልድይ ምሰሶ፣ የመርከብ ማቆሚያ እንጨት፣ የድንጋይ ክምር። በሜሪላንድ በኩል ያለው ማሎውስ ቤይ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተሠሩት የእንጨት መርከቦች ከመቶ የሚበልጡት ቅሪታቸው እዚያ ተኝቷል፤ ስፍራው በ2019 ብሔራዊ የባሕር መጠበቂያ ሆኖ ታውጇል። የመርከቦቹ ጎን ከውሃው በታች እንደ ግድግዳ ስለሚሄድ ማጥመጃውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው ረጅም ርቀት ማሳለፍ ይችላሉ። ቅርሱን ላለመጉዳት መልሕቅ በላያቸው መጣል አይገባም፤ የብረት ችንካሮችም ከውሃው በታች ተደብቀው ስለሚገኙ ጀልባውን በዝግታ ይንዱ።

ፍጥነቱንም በሰመር ይለውጡ። ውሃው ሲሞቅ የዓሣው ሰውነት ስለሚፈጥን ማጥመጃውን ለማየትና ለማሰብ ጊዜ ሳይሰጡት በፍጥነት ጠቅልለው እንጨቱን ያስመቱት። በፀደይ የሚያደርጉትን ቆም ማለት በጁላይ ብዙ አያስፈልግም። በበርክ ሐይቅ ሙላትና ጉድለት ስለሌለ ዕድልዎ በማለዳና በምሽት ነው። በጁን ብሉጊል የተባሉት ትናንሽ ዓሦች ዳር ዳሩን እንቁላል ሲጥሉ ባስ ይከታተላቸዋል፤ ያን ሰሞን ብሉጊል የሚመስል ቀለም ከዳርቻ ለሚወረውር ሰው ጥሩ ነው።

የመኸሩ ነገር ግን ከሰመሩ እጅግ የሰፋ ነው፤ እኔም ከፀደዩ የማስበልጠው እርሱን ነው። ውሃው ከ70ዎቹ ዲግሪ ወደ 60ዎቹ ሲወርድ የሻድ መንጋ ወደ ክሪኮቹ ውስጠኛ ጫፍ ይገባል፣ ባስም ይከተለዋል። በፀደይ ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ አውቀን በመንገዱ እንጠብቀዋለን፤ በመኸር ግን የምንፈልገው ባስን ሳይሆን ምግቡን ነው። ከውሃው ገጽ ላይ ትናንሽ ዓሦች ሲዘሉ፣ ሽመላ በአንድ ዳር ተሰብስቦ ቆሞ ሲታይ፣ እዚያ ይወርውሩ። ሻድ ያልታየበት ጉቶ ምንም ያህል ቢያምር ጊዜ አይፍጁበት። ሣሩም በዚህ ወቅት መሞት ይጀምራል፤ ቡናማ ሆኖ ከተንሳፈፈው ራቅ ብለው ገና አረንጓዴ ሆኖ የቆመውን ጠርዝ ቢፈልጉ ይጠቅማል። የዚያ ዓመት የሻድ ጫጩቶች ሁለት ሦስት ኢንች ስለሚሆኑ መካከለኛ መጠን ያለው ስኩዌርቢል በልካቸው ነው።

እንዲህ ያለ ማጥመጃ ለትልልቅ ዓሦች ያንሳል ለሚሉም፣ ታዋቂው የባስ አጥማጅ ኬቨን ቫንዳም በ2011 በሉዊዚያና ዴልታ የተካሄደውን ባስማስተር ክላሲክ የተባለ ትልቅ የባስ ማጥመድ ውድድር ያሸነፈው በፌብሩዋሪ፣ ሙላትና ጉድለት በሚደርስበት ውሃ፣ ጉቶ ላይ ስኩዌርቢል እያስመታ ነው።

መልስ፦ ባለ ጀልባው

እኅታችን ስለ ድፍርስ ውሃ ያሉትን እቀበላለሁ፤ በድፍርስ ውሃ ቀለም ከሦስተኛ ደረጃ ከፍ ይላል። ሆኖም ትክክለኛ ቀለም ይዞ ምንም በማይነካበት ውሃ ከሚወረውር ሰው ይልቅ፣ ቀለሙ የተላላጠ ማጥመጃ ይዞ ጉቶውን በየውርወራው የሚመታው ይበልጣል በሚለው እጸናለሁ።

መልስ፦ የአና ሐይቅ ሰው

የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች እኔ ልመልስ።

ስለ ብርዱ ጊዜ በአጭሩ፣ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ወፍራሙንና በሰፊው የሚንቀጠቀጠውን ግን ያሳርፉት። ውሃው ከ45 ዲግሪ በታች ሲሆን ዓሣው ብዙ አይከተልም፤ ስለዚህ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጠበብ አድርጎ የሚንቀጠቀጥ ማጥመጃ ይያዙ። ከባልሳ እንጨት የሚሠራው የራፓላ ሻድ ራፕ ለዚህ ሲመረጥ የኖረ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን በቀጭን ክርና ስፒኒንግ ሪል በሚባለው የክር መጠቅለያ ካልሆነ ሩቅ አይወረወርም። በጣም በዝግታ ይጠቅልሉ፤ ሲነካ ያቁሙ፤ ከሚበቃው በላይ ቆየሁ ብለው ሲያስቡ ጥቂት ይጨምሩ። በቨርጂኒያ ያለው አና ሐይቅ በ1972 የተገደበው ለኒውክሌር ኃይል ማመንጫው ማቀዝቀዣ እንዲሆን ስለሆነ፣ ከማመንጫው የሚወጣው ሞቅ ያለ ውሃ ለሕዝብ ክፍት ወደሆነው የሐይቁ ክፍል በሚገባበት በግድቡ በኩል ያለው ስፍራ በብርዱ ወራት ከሌሎቹ ሐይቆች ይሞቃል። ጃንዋሪ ላይ በጥልቀት የማይሰምጥ ክራንክቤይት መወርወር ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው እዚያ ነው።

ወደ ጎን የሚጣመመው ማጥመጃ ይስተካከላል፤ አይጣሉት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ክሩ በሚታሰርበት ቀጭን የሽቦ ቀለበት ላይ ነው። ንጹሕ ውሃ ባለበት ዳር አጠር አድርገው ይወርውሩና ዘንጉን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው በፍጥነት ይጠቅልሉ። ማጥመጃው ወደ እርስዎ ሲመጣ ወደ ግራዎ ካዘነበለ፣ አፍንጫውን ወደ ራስዎ አዙረው ይያዙና የሽቦ ቀለበቱን በቀጭን ፒንሳ ወደ ቀኝዎ ጥቂት ያጥፉ፤ ወደ ቀኝዎ ካዘነበለ ወደ ግራ። ጥቂት ስል በዓይን የሚታይ ያህል እንኳ አይደለም፤ እያጠፉ እንደገና ይሞክሩ። ሽቦውን በአንድ ጊዜ ብዙ ካጠፉት፣ በተለይ በባልሳው ላይ፣ ከሥሩ ይላላል። ፒንሳውን ከማንሣትዎ በፊት ግን መንጠቆዎቹ በነፃ መወዛወዛቸውንና ሣር አለመያዛቸውን ይዩ፤ ክሩን በቀጥታ በሽቦው ላይ አጥብቀው አስረው ከሆነም ቋጠሮው ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ሊሆን ስለሚችል በትንሽ ቀለበት ወይም ልል በሆነ ቋጠሮ ይሰሩት። ድንጋይና ጉቶ ሲያስመቱ የዋሉበት ማጥመጃ ሽቦው ቀስ በቀስ ስለሚጣመም ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት በኋላ እንደገና መታየት አለበት፤ መንጠቆው የደነዘዘም እንደሆነ በጥፍርዎ ላይ ጫር አድርገው ሲሞክሩት ያንሸራትታልና በዚያው ይለውጡት።